«አየሩን ትንሽ ይቀንሱለት!»

ውድ አንባቢ፣ እስኪ ለአንድ አፍታ ቆም ብለው ያስቡ። ከትዳር ጓደኛዎ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተኮራረፋችሁት በምን ምክንያት ነበር? በልጆች አስተዳደግ ነው? በዘመድ ጣልቃ ገብነት ነው? ወይስ በኋላ ሲያስቡት ለሰው ለመናገር እንኳ በሚያሳፍር ነገር? በእኛ ቤት ሦስት ሳምንት ሙሉ «እንዴት አደርክ» እና «ምሳ ቀርቧል» ከማለት ያለፈ ቃል ያሳጣን አንድ ብስክሌት ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፍልዎ ስለዚያ ብስክሌት ነው። የምጽፈውም እርስዎ ከእኔ ስሕተት እንዲማሩ ነው፤ ምናልባትም እርስዎና ባለቤትዎ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አብራችሁ ለመንዳት እንድትነሡ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ሥራዬ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያስቀምጥ ነው። አንድ ቀን ራሴን ሲያዞረኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ የደም ግፊቴ ከፍ ማለቱን ነግሮኝ መድኃኒት አዘዘልኝ፤ ቀጥሎም «ሰውነትህን ካላንቀሳቀስከው መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃህም» አለኝ። በዚያው ሳምንት እቁብ ወጣልኝ። ከባለቤቴ ጋር የተስማማነው ገንዘቡ ክረምት ሳይገባ ለጣሪያችን ማደሻ እንዲሆን ነበር። እኔ ግን ወደ ቤት ስመለስ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ጎማው እንደ ሞተር ብስክሌት ጎማ የወፈረ ብስክሌት ቆሞ አየሁ። «የጤና ጉዳይ ነው፤ ትረዳኛለች» አልኩና ሳላማክራት ገዛሁት።

ባለቤቴ ብስክሌቱን በር ላይ ስታየው አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ዝም አለች። ዝምታ ከጩኸት የሚከብድበት ጊዜ እንዳለ ባለትዳር የሆናችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። ሰኔ ገባ፤ ዝናቡም ጀመረ። ጣሪያው ሳሎን መካከል ላይ ማንጠባጠብ ሲጀምር ጎድጓዳ ሳህን አምጥታ ከሥሩ አስቀመጠችና በረንዳው ላይ ተጠልሎ ወደ ቆመው ብስክሌት እያየች «ጌታ ይመስገን፤ እርሱስ አልረጠበም» አለች። ያች አንዲት ዐረፍተ ነገር ከብዙ ስብከት ይልቅ ወጋችኝ።

ሆኖም እልኸኛ ነበርኩ። ብስክሌቱ ጠቃሚ መሆኑን ለማሳየት በየቀኑ ነዳሁት። አንድ ማታ ጎማው የለዘበ ስለመሰለኝ ጎሚስታ ዘንድ ወስጄ «ጥሩ አድርገህ ንፋልኝ» አልኩት። እርሱም እንደ መኪና ጎማ ድንጋይ እስኪሆን ነፋልኝ። በማግሥቱ ዝናብ ያረጠበው የኮብልስቶን ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማው ከሥሬ ከዳኝ። ክርኔና ጉልበቴ ተላላጠ። ስልክ የደወልኩት ለማን ይመስልዎታል? ለእርሷ ነው። ጃንጥላ ይዛ መጣች። አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣትም። እኔን በአንድ እጇ፣ ብስክሌቱን በሌላው እየደገፈች ስትሄድ፣ ብስክሌት መንዳት የሚያውቅ አንድ የሰፈራችን ወጣት አገኘን። ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ይሄማ መሬት አይይዝም። አየሩን ትንሽ ይቀንሱለት» አለኝ።

ባለቤቴ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ለጎማውም ለባለቤቱም ነው የሚያስፈልገው!» አለች።

ይህ ብስክሌት ምን ዓይነት ነው?

የዚያ ወጣት ምክር ለምን ትክክል እንደሆነ ለመረዳት ብስክሌቱን ማወቅ ያስፈልጋል። በተራራና በአስቸጋሪ መንገድ ለመንዳት የሚሠሩ ብስክሌቶች (ማውንቴን ባይክ የሚባሉት) በአብዛኛው በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ዓይነት ከፊትም ከኋላም ንዝረት የሚያበርድ ሞላ አለው። ሁለተኛው ሞላ ያለው ከፊት ብቻ ነው፤ ኋላው ጠንካራ ነው። ይህኛው «ሃርድቴይል» ይባላል። የሚበላሽ ነገሩ ትንሽ ስለሆነ፣ ዋጋውም ከሌላው ስለሚቀንስ፣ ለጀማሪና ለእንደ እኛ ዓይነት ቤተ ሰብ የሚመረጠው ይህ ነው።

የተለመደው የተራራ ብስክሌት ጎማ ስፋቱ ከ2 እስከ 2.4 ኢንች ያህል ነው። ሰፋ ያለው ወደ 3 ኢንች ይደርሳል። እጅግ ሰፊ የሚባለው ደግሞ ከ3.8 እስከ 5 ኢንች ነው። የእኔው 4 ኢንች ነው። ይህ ሰፊ ጎማ የተፈለሰፈው ለመልክ አይደለም። በአሜሪካ አላስካ በበረዶ ላይ፣ በሌሎችም አገሮች በአሸዋ ላይ የሚነዱ ሰዎች ቀጭኑ ጎማ እየሰመጠ ስላስቸገራቸው፣ ሰፊ ቸርኬ እየገጣጠሙ በመሞከር የደረሱበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 «ሰርሊ» የተባለው የአሜሪካ ብስክሌት አምራች «ፓግስሊ» የሚባለውን ሞዴል ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነገሩ በዓለም እየተስፋፋ ሄደ።

እኛ በረዶ የለንም። ነገር ግን ክረምት ላይ ከአስፋልቱ ወጣ ብለው ወደ ውስጥ ሲገቡ የሚጠብቅዎን ጭቃ ያውቁታል። ኮብልስቶኑንም፣ የተቆፈረውን መንገድም፣ የፈሰሰውን ጠጠርም ያውቁታል። እንግዲህ ሰፊው ጎማ የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ መሬት ነው።

ምሥጢሩ አየሩ ላይ ነው

ብዙ ሰው ጎማ በጠነከረ ቁጥር ጥሩ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የእርስዎንና የብስክሌቱን ክብደት የሚሸከመው በጎማው ውስጥ ያለው አየር ነው። ሸክሙ ያው ሆኖ የአየሩ ግፊት ወደ ሲሶ ቢወርድ፣ መሬት የሚነካው የጎማው ገጽ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ለስለስ ያለ ጎማ የድንጋዩን ቅርጽ ይይዛል፤ ይታጠፍለታል፤ ያቅፈዋል። ድንጋይ የሆነ ጎማ ግን ከድንጋይ ጋር ሲገናኝ ይነጥራል ወይም ይንሸራተታል። እኔን የጣለኝ ይኸው ነው።

የመኪና ጎማ የሚነፋው ብዙውን ጊዜ በ30 እና በ35 ፒ.ኤስ.አይ. መካከል ነው። ባለ 4 ኢንች የብስክሌት ጎማ ግን ለኮብልስቶንና ለአፈር መንገድ ከ8 እስከ 12፣ ለአስፋልት ደግሞ ከ15 እስከ 20 ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይስማማል። ከባድ ሰው ትንሽ ይጨምራል፤ ቀላል ሰው ትንሽ ይቀንሳል። ወደ 3 ኢንች የሚጠጋው ጎማ ደግሞ ለአፈር መንገድ 15 ያህል ይበቃዋል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን የግፊት ልክ ሳያነቡ አያስነፉ። ጎሚስታው ለመኪና የለመደ ስለሆነ ስንት እንደሚፈልጉ እርስዎ ይንገሩት። ከተቻለ ትንሹን ግፊት ለይቶ የሚያሳይ መለኪያ ያለው የእጅ መንፊያ ቤት ውስጥ ይኑርዎ።

ይህ ማለት ግን አየሩን ጨርሰው ያስወጡት ማለት አይደለም። ከልክ በላይ ከለዘበ ቸርኬው ድንጋይ ይመታል፤ የውስጥ ጎማውም ይበሳል፤ መሪውም አልታዘዝ ይላል። ልኩን ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። ትንሽ ያስወጣሉ፣ ይነዱታል፣ ይመለከታሉ፣ እንደገና ያስተካክላሉ።

አነዳዱ እንዴት ነው?

ከኋላ ሞላ የሌለው ብስክሌት ሞላው የእርስዎ ጉልበት ነው። ጀማሪዎች የምንሠራው ትልቁ ስሕተት ጉድጓድ ላይም ሆነን መቀመጫው ላይ ተደላድለን መቀመጣችን ነው። ወገብዎ የሚታመመው ለዚህ ነው። የሚከተሉትን ልብ ይበሉ፦

መቀመጫውን ያስተካክሉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝዎን ቢያስቀምጡበት እግርዎ ቀጥ ብሎ እስኪዘረጋ ድረስ ከፍ ያድርጉት። ዝቅ ያለ መቀመጫ ጉልበት ያሳምማል።

ሸካራ መንገድ ሲመጣ ይነሡ። ሁለቱን ፔዳሎች እኩል አድርገው ይቁሙ፤ ጉልበትዎንና ክርንዎን ጠፍ ያድርጉ፤ ብስክሌቱ ከሥርዎ እንዲንቀሳቀስ ይፍቀዱለት። መሪውን ጨምድደው አይያዙት።

ቁልቁለት ላይ ሰውነትዎን ወደ ኋላ ሸሸት ያድርጉ። በሁለቱም ፍሬን ይጠቀሙ፤ ግን ቀስ እያሉ እንጂ በአንዴ አይጨብጡት። በተለይ የፊቱን ፍሬን እርጥብ ድንጋይ ላይ በድንገት መያዝ አደጋ አለው።

ዳገት ላይ፣ ከመድረስዎ በፊት ማርሽ ይቀንሱ፤ ተቀምጠው ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉ። ሰፊ ጎማ ከባድ ስለሆነ ቀጭን ጎማ የሚነዳ ወጣት ቢያልፍዎ አይናደዱ። ይህ ብስክሌት ለእሽቅድምድም አልተሠራም፤ አስፋልት ላይ ዘገምተኛ ነው። አዲስ አበባም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና ትንፋሽዎ ቢያጥር አይገረሙ።

ጭቃ ከነዱ በኋላ ካቴናውን አጥበው፣ አድርቀው፣ ዘይት ይቀቡት። የራስ ቁር ሳያደርጉ ግን ከግቢ አይውጡ። የመዳንን ራስ ቁር ያደረገ አማኝ ይህንኛውንም ቢያደርግ እምነት ማጣት አይደለም!

ከኢምፔሪያል ተነሥተው ወዴት?

ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከሆቴሉ ነው። ከሰሜን መገናኛ፣ ከደቡብ ቦሌ፣ ከምሥራቅ ገርጂ ይከቡታል። ለብዙ ዓመታት ቀለበት መንገዱ ብስክሌት ለሚነዳ ሰው የሚያስፈራ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቦሌ እስከ መገናኛ ያለውንም መስመር ሲያድስ ለብስክሌት የተለየ መንገድ ተሠርቷል። ይህ ለጀማሪ መልካም ዕድል ነው። ይሁን እንጂ በመገንጠያዎችና በመታጠፊያዎች ላይ መኪና ያየኛል ብለው አይተማመኑ፤ ፍጥነት ቀንሰው ከሹፌሩ ጋር ዓይን ለዓይን ይተያዩ።

ሰፊው ጎማ ጥቅሙ የሚታየው ግን ወደ ውስጥ ሲገቡ ነው። በገርጂ የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን፣ ከዚያም በጃክሮስ አድርገው ወደ ጎሮ በሚወስዱት መንገዶች ዳርና ዳር ብዙ ዓይነት መሬት ያገኛሉ። ምሥራቁ የከተማችን ክፍል ከሰሜኑ ጋር ሲነጻጸር ሜዳማ ስለሆነ ልብን ቀስ በቀስ ለማለማመድ ይመቻል። ሲበረቱ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ አለ፤ የደን አየር እየሳቡ የሚነዱበት ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ለመኪና የተዘጉ መንገዶች ላይ ቤተ ሰቦች ከነልጆቻቸው ሲነዱ ያየንባቸው እሑዶች ነበሩ።

«ብስክሌት የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ካለ ደግሞ ታሪካችንን ያስታውሱት። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፣ ከሯጮቻችን ጎን ብስክሌተኞቻችንም ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ገረመው ደንቦባ በሮሙ ኦሊምፒክም ተሰልፏል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

እኅቶችስ?

ባለቤቴ ብስክሌቱን መንዳት የጀመረችው ከዚያ ውድቀቴ በኋላ ነው። መጀመሪያ «ሰው ምን ይለኛል? የመዘምራን አባል ሆኜ?» ብላ ነበር። እውነት ነው፣ ዞር ብሎ የሚያይ አይጠፋም። በአንዳንድ አጥቢያም ስለ አለባበስ ጥያቄ ይነሣል። እርሷ ሰፋ ያለ ረጅም ሱሪና ከላዩ ረዘም ያለ ሸሚዝ ትለብሳለች፤ ልብሱ ካቴና ውስጥ እንዳይገባ በስተቀኝ ያለውን የሱሪ እግር ታስረዋለች። ሰፊ ጎማ ለጀማሪ ይመቻል፤ ቀስ ብለው ሲነዱት እንኳ ቶሎ አይንገዳገድም። እኔ የተማርኩት ግን ሌላ ነው። ሚስትዎን ሲያስተምሩ አይጩኹ! ከኋላ መቀመጫውን ይዘው ይሩጡ፤ ስትወድቅ አይሳቁ፤ ስትችል ያጨብጭቡላት። ያን ጊዜ የእጮኝነት ወራት ይመለስልዎታል።

ቃሉ ምን ያስተምረናል?

ሐዋርያው ጳውሎስ ሰውነትን ማለማመድ ጥቅም እንዳለው አይክድም፤ ነገር ግን ጥቅሙ ጥቂት መሆኑን፣ እግዚአብሔርን መምሰል ግን ለዚህም ለሚመጣውም ሕይወት የሚበጅ መሆኑን ያስተምረናል (1ኛ ጢሞ. 4፥8)። ሁለቱንም ጠርዞች እንጠንቀቅ። ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑን እየሰበክን (1ኛ ቆሮ. 6፥19–20) በቸልተኝነት ስናፈርሰው መኖር አንዱ ጠርዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ይህ በቀን ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ነው! (የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለብዎ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ፤ መድኃኒትዎንም በራስዎ ፈቃድ አያቁሙ።) ሌላው ጠርዝ ብስክሌቱን ጣዖት ማድረግ ነው። እሑድ ጠዋት ከጉባኤ የሚያስቀር፣ ከልጆች ጋር የሚጸለይበትን ሰዓት የሚበላ «ጤና» ጤና አይደለም።

ስለ ገንዘቡም ልንገርዎ። ጌታ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር አስተምሯል (ሉቃ. 14፥28)። በትዳር ይህን ስሌት አንዱ ብቻውን ሊሠራው አይገባም። በወደቅኩበት ዕለት ማታ ክርኔን እያጠበችልኝ «ይቅር በይኝ» አልኳት። «ጤናዬ ነው አልኩሽ፤ ግን የደበቅኩሽ እንደማትስማሚ ስላወቅኩ ነው» አልኳት። እውነቱ ያ ነበር። ብስክሌቱን ሸጬ ጣሪያውን እንዳሳድስ ጠየቅኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና «ጣሪያው ይጠገናል። አንተን ግን ከየት አመጣለሁ?» አለችኝ። ያን ሌሊት በጣሪያው ቀዳዳ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘን ጸለይን።

መፍትሔውን አብረን አገኘን። እኔ በታክሲ ፈንታ በብስክሌት እየሄድኩ ታክሲ የማወጣውን ገንዘብ በየቀኑ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ እርሷም ከቤት ወጪ የቻለችውን ጨመረች። ክረምቱን በጎድጓዳ ሳህን አሳለፍነው። ጥቅምት ላይ ጣሪያው ታደሰ። የደም ግፊቴም ከመድኃኒቱ ጋር ወደ መልካም ልክ ወርዷል፤ ሐኪሙ ክትትሉን ቀጥል ብሎኛል።

ውድ አንባቢ፣ ብዙዎቻችን ባሎች ቤታችንን የምንመራው ያ ጎሚስታ ጎማዬን እንደነፋው ነው። «ጠንካራ ካልሆንኩ አልከበርም» ብለን እንነፋለን። ሜዳና ደረቅ መንገድ ላይ ሳለን ችግሩ አይታወቅም። ዝናብ ሲመጣ፣ ድንጋዩ ሲረጥብ ግን እንንሸራተታለን። ሚስቶችም ብትሆኑ በዝምታ የምትጠነክሩበት ጊዜ አለ። ቃሉ በክርስቶስ ፍርሃት አንዳችን ለሌላችን እንድንገዛ የሚያዘን (ኤፌ. 5፥21) ሊያሳንሰን አይደለም፤ መሬት እንድንይዝ ነው። ሁለት ሆኖ መሄድ የሚሻለው አንዱ ሲወድቅ ሌላው ስለሚያነሣው እንደሆነ መክብብ ይነግረናል (4፥9–10)። እኔም ይህን ያየሁት በአንድ እጇ እኔን፣ በሌላው ብስክሌቴን ይዛ በዝናብ ወደ ቤት በመለሰችኝ ሚስቴ ነው።

እንግዲህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከመውጣትዎ በፊት ጎማውን በአውራ ጣትዎ ጫን አድርገው ይዩት። ልብዎንም እንዲሁ። ድንጋይ ከሆነ አየሩን ትንሽ ይቀንሱለት! ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።

ለባልና ሚስት መወያያ

1. ባለፈው ዓመት ሳንመካከር ያወጣነው ገንዘብ አለ? ምክንያቱን ለመናገር ያስፈራን ምንድን ነው?

2. በቤታችን ውስጥ ያለ ልክ «የምነፋው» በየትኛው ጉዳይ ላይ ነው? መጀመሪያ ስለ ራሳችሁ ተናገሩ፤ ስለ ሌላው አይደለም።

3. ለሰውነታችን ጤና በሳምንት አብረን ልናደርገው የምንችለው አንድ ነገር ምንድን ነው? ቀንና ሰዓት ወስኑለት፤ ከዚያም ጸልዩበት።